ልጆቹ ሁለተኛ ዙር ላይ ለምን ይደክማሉ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። ሱሉልታ ውስጥ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጥናለሁ። 22 ልጆች አሉኝ፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ነው። ክረምት ላይ ቡድኑ ይበተናል። መስከረም ላይ ተሰብስበን ስድስት ሳምንት አጥብቀን እንዘጋጃለን። ውድድሩ ከኅዳር እስከ ግንቦት ይቆያል። ውድድር ከጀመርን በኋላ ልምምዳችን ኳስ፣ ታክቲክና ግጥሚያ ነው። አንደኛ ዙር ላይ ማንም አይችለንም። ከየካቲት በኋላ ግን ልጆቹ ሌላ ሰው ይሆኑብኛል፤ 60ኛው ደቂቃ ላይ እግራቸው ይያዛል። ዮዮ ቴስት (20 ሜትር እየተመላለሱ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ እስኪደክሙ የሚሮጥ የአቅም መለኪያ) ስሰራ ጥቅምት ላይ አብዛኞቹ ከ1,000 ሜትር በላይ ሮጡ። መጋቢት ላይ ግን ብዙዎቹ 800 መድረስ አቃታቸው። የጠዋት ሩጫ ጨመርኩባቸው፣ ባሰባቸው። ካናዳ ያለች የአክስቴ ልጅ ለዩኒቨርሲቲዋ የበረዶ ላይ ሆኪ ትጫወታለች። እነሱ ዓመቱን ሙሉ በየወቅቱ ይለካሉ፤ ከውድድር ውጭ ባለው ጊዜም ፕሮግራም ይሰጣቸዋል። የእነሱ አሰራር ለእኛ ይሆናል? ወይስ ልጆቹ ሰንፈው ነው?»

ምላሽ፦ አሰልጣኝ፣ ሰላም ለእርስዎም። ከመጨረሻው ልጀምር። ልጆቹ አልሰነፉም። ይህን አጥብቀው ይያዙልኝ። «ሰነፉ» ብለን ከጀመርን መፍትሄው ሁሉ ቅጣት ይሆናል። የጠዋቱ ሩጫም ከዚያ ሐሳብ የመጣ ይመስለኛል።

እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። በስድስት ሳምንት ጥሩ አቅም ትገነባላችሁ። ውድድሩ ሲጀመር ግን ያንን አቅም የገነቡት ሁለት ነገሮች ከፕሮግራሙ ይወጣሉ። አንዱ የጥንካሬ ስራ ነው። ሌላው ትንፋሽ የሚያሳጥር ሩጫ ነው። ግጥሚያው ራሱ አቅማቸውን ይጠብቅላቸዋል ብለን እንተዋለን፤ አይጠብቅላቸውም። ለጥቂት ሳምንታት የመስከረሙ ስራ ይዟቸው ይሄዳል። ጥር ላይ መሳሳት ይጀምራል። የካቲት ላይ ጾሙ ሲገባ ደግሞ ጉድለቱ ይወጣል፣ ይታያል።

የአክስትዎ ልጅ የነገረችዎት ነገር ጠቃሚ ነው፤ ግን እንዳለ አይወሰድም። የሴቶች የበረዶ ላይ ሆኪ ከ1998 እ.ኤ.አ. የናጋኖ ኦሎምፒክ ጀምሮ በኦሎምፒክ ያለ ስፖርት ነው። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። አንዲት ተጫዋች ግን በአንድ መግባት በረዶው ላይ የምትቆየው አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባላት ኃይል ሁሉ ትንሸራተታለች፣ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትገባለች። መቀያየሩ ገደብ የለውም። የእርስዎ አማካይ ተጫዋች ግን 90 ደቂቃ ሙሉ ሜዳ ላይ ናት። በዴንማርክ ከፍተኛ ሊግ ሴት ተጫዋቾች ላይ የተሰራ የታወቀ ጥናት አለ። አንዲት ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ ከዚያ ውስጥ 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። በዮዮ ብዙ የሮጡት በጨዋታም ብዙ ፈጣን ሩጫ የሮጡት ነበሩ። ስለዚህ የእርስዎ ቴስት የሚለካው እውነተኛ ነገር ነው፤ 60ኛው ደቂቃ ላይ ያዩት ድካምና የመጋቢቱ ቁጥር ዘመዳሞች ናቸው።

ከሆኪዎቹ የምንወስደው የልምምዱን ዓይነት ሳይሆን የዓመቱን አያያዝ ነው። ለእነሱ ውድድሩ ከመስከረም መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ባዶ አይደሉም። መሬት ላይ ይሮጣሉ፣ ብረት ያነሳሉ፣ ሲመለሱ ይለካሉ። ውድድር ላይ እያሉም የጥንካሬ ስራው ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንምጣ። ለእኔ የእናንተ ትልቁ ጉዳይ ክረምቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ስለ ሁለተኛ ዙር ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሁለተኛው ዙር ግማሹ የሚሸነፈው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመስለኛል።

ልምምድ ሲቆም ሰውነት ቶሎ ይረሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የደም ፈሳሽ መጠን ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። በአራት ሳምንት ውስጥ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከ4 እስከ 14 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ጥንካሬ ትንሽ ይታገሳል፤ ለአንድ ወር ያህል ብዙም አይወርድም። ከዚያ በኋላ እሱም ይሄዳል። የእናንተ ዕረፍት ሰኔን ከጨመርን ሦስት ወር ይሆናል። መስከረም ላይ የሚመጡት ልጆች ካለፈው ዓመት የተረፋቸው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ስድስቱ ሳምንት አዲስ ነገር የሚገነቡበት ጊዜ አይሆንም፤ የጠፋውን መልሶ የማግኛ ጊዜ ይሆናል። ቡድኑ በየዓመቱ ከዚያው ቦታ ይጀምራል።

በዚያ ላይ ከዜሮ ተነስቶ በየቀኑ መሮጥ አለ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው። ጥቅምት ላይ ቅልጥማቸውን የሚያማቸው፣ የታፋቸው ጀርባ የሚሳብባቸው ልጆች ካሉዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰው ሳይዘጋጅ የሚጨመር ጫና ነው።

ሐምሌ ላይ ሜዳችሁ ውሃ እንደሚያቁር አውቃለሁ። ልጆቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ ቤተሰብ ያግዛሉ፣ አንዳንዶቹ ስራ ይገባሉ። ሜዳ ላይ ሰብስቧቸው አልልም። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕረፍት ይስጧቸው። እውነተኛ ዕረፍት ይሁን፤ ጭንቅላትም ያርፋል። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚሰራ ነገር ይላኩላቸው። አንዱ ቀን የጥንካሬ ነው። በረንዳ ላይ፣ ጣራ ስር ይሰራል። ስኳት፣ በአንድ እግር ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ። ሌላው ቀን ዳገት ነው። ሱሉልታ ዳገት አያጣም። ለግማሽ ደቂቃ ሽቅብ በፍጥነት፣ ቁልቁል በእርምጃ፤ ስምንት ጊዜ። ዝናቡ በቀኑ አጋማሽ ስለሚብስ ጠዋት ይሻላል። በቴሌግራም ግሩፕ «ዛሬ ሰርቻለሁ» ብላ አንዷ ስትጽፍ ሌሎቹ ይከተላሉ። ይህ ቡድኑን ብርቱ አያደርገውም፤ መስከረም ላይ ከዜሮ እንዳይጀመር ግን ያደርጋል።

ስድስቱን ሳምንታት በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አጥብቃችሁ መስራታችሁ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሩጫ ብቻ አይስጧቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፊፋ 11+ የተባለውን ማሟሟቂያ ያስገቡ። 20 ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ኳስና ጥቂት ኮን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሩጫ፣ ሚዛን፣ የእግር ጥንካሬና አዘላለልን ያስተምራል። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በአጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ ቀንሷል። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴቶች ላይ ከወንዶች በጣም ይበዛል። አንዲት ልጅ የፊት መስቀለኛ ጅማቷ ቢበጠስ ዓመቷ ሄደ ማለት ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ይህን ማሟሟቂያ ዓመቱን ሙሉ አይተዉት። ውድድር ላይም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት። አቅምን ለመገንባት ብዙ ስራ ይፈልጋል። የተገነባውን ለማቆየት ግን ጥቂት ይበቃል፣ ጥቂቱ ጠንካራ ከሆነ። በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በሳምንት አንድ የጥንካሬ ቀን በዝግጅት ጊዜ የተገኘውን ጥንካሬ ሲያቆይ ታይቷል። በሁለት ሳምንት አንዴ ሲሆን ግን ወረደ። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ነው። እናንተ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነው ያቆማችሁት።

እኔ ብሆን ከባዱን ስራ ማክሰኞና ሐሙስ አደርገዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ ለብዙዎቹ ልጆች የጾም ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው፤ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያስበውም። እሁድ ግጥሚያ አለ እንበል። ሰኞ ዕረፍት ወይም ቀላል እንቅስቃሴ። ማክሰኞ ከኳስ በፊት 25 ደቂቃ የጥንካሬ ስራ። ጂም አያስፈልግም። አሸዋ የሞላ ጆንያ ይዛ ስኳት ትስራ። በአግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ እግር ትውጣ። አንዷ ተንበርክካ ሌላዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛላት፣ ቀስ ብላ ወደ ፊት ትውረድ። ይህ የመጨረሻው የታፋን ጀርባ ያጠነክራል፤ በአግባቡ ሲሰራ የዚያን ጡንቻ ጉዳት ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ድግግሞሹ ትንሽ ይሁን፤ አምስት፣ ስድስት። ክብደቱ ግን ይሰማት። 30 ጊዜ በቀላሉ የሚሰራ ነገር ጥንካሬን አያቆይም።

ሐሙስ ሩጫው ነው። በዙሪያ ሜዳ መዞር አይደለም። አራት ለአራት ሆነው፣ 40 በ30 ሜትር በሆነች ጠባብ ሜዳ፣ አራት ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጫወቱ። ኳስ ስትወጣ ወዲያው ሌላ ይወርወርላቸው። ሦስት ደቂቃ ያርፋሉ። አራት ጊዜ ይደግማሉ። ልብ ወደ ከፍተኛ ምቷ መጠጋት አለባት፤ መሃል ላይ ማውራት ከቻሉ አልሰሩም ማለት ነው። ሱሉልታ በ2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። አንዱ ፈጣን ሩጫ ላይ ችግር የለም፤ በሩጫና በሩጫ መካከል ማገገሙ ነው የሚዘገየው። አራት ደቂቃ ዕረፍት ካስፈለጋቸው ይስጧቸው። ዕረፍቱን ቆርጠው ሩጫውን ከሚያዘገዩት፣ ዕረፍቱን አርዝመው ሩጫው ፈጣን ቢሆን ይሻላል። ዓርብና ቅዳሜ ቀላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ግን ተቀያሪዎቹን ነው። የመጋቢቱን ውጤት አውጥተው ለሁለት ይክፈሉት። በየሳምንቱ ቋሚ ሆነው የገቡት በአንድ በኩል፣ አግዳሚ ላይ የቆዩት በሌላ በኩል። ክፉኛ የወረዱት ተቀያሪዎቹ ይመስሉኛል። ቋሚዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ 90 ደቂቃ ይሮጣሉ። ተቀያሪዋ ግን ዓርብና ቅዳሜ ለግጥሚያ ተብሎ ቀላል ትሰራለች፣ እሁድ ተቀምጣ ትውላለች፣ ሰኞ ደግሞ ከቋሚዎቹ ጋር ታርፋለች። አራት ቀን ምንም ከባድ ስራ አልሰራችም ማለት ነው። መጋቢት ላይ አንዷ ቋሚ ስትጎዳ ያቺ ልጅ ትገባለች፤ 20 ደቂቃ ሮጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ያኔ «ለዚህ ነው የማትገባው» ይባላል። ይህ ግፍ ነው። ለእሷ ያልሰጠናትን ነገር ነው የምንጠይቃት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ግጥሚያው እንዳለቀ፣ ቋሚዎቹ ማሊያ ሲያወልቁ፣ ያልተሰለፉትና ከግማሽ ሰዓት በታች የተጫወቱት እዚያው ሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ይሩጡ። ከአንዱ ሳጥን እስከ ሌላው በፍጥነት፣ መመለስ በእርምጃ። ሜዳው ካልተፈቀደ ሰኞ ጠዋት ይሁን። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፤ ሰው ያያቸዋል። እርስዎ ወይም ረዳትዎ አብራችሁ ብትቆሙ ቡድኑ ይለምደዋል።

ስለ ቴስቱ ደግሞ። የጥቅምቱና የመጋቢቱ ልዩነት ሁሉ የአቅም መውረድ ነው ብዬ አልወስድም። ጥቅምት ላይ ሣሩ ደረቅ ነበር። መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጀምሮ ከሆነ ሜዳው ይይዛል፤ 20 ሜትር ሄዶ መመለስ ባለበት ቴስት ላይ መታጠፊያዋ ቦታ ጭቃ ከሆነች ብዙ ሜትር ትበላለች። ሰዓቱስ? መጋቢት ማለት ሁዳዴ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰች ልጅ ብትለኩ የለካችሁት አቅሟን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ቴስቱ ሁልጊዜ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ጫማ፣ ከዕረፍት ቀን ማግስት ይሁን። በዓመት አራት ጊዜ ይበቃል። መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጥር ላይ ጾሙ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ። የጥር ወሩ ቴስት ከሁሉ ይጠቅማል። እሱ ከጥቅምቱ ከወረደ ለማስተካከል ጊዜ አለዎት።

ከዮዮው ጎን ዝላይ ይለኩ። ግድግዳ አጠገብ ቆማ እጇን ዘርግታ በጠመኔ ምልክት ታድርግ፣ ከዚያ ዘላ ሌላ ምልክት ታድርግ። በሁለቱ መካከል ያለውን ይጻፉ። ዮዮው ባለበት ቆሞ ዝላዩ ከወረደ የጥንካሬ ስራው አንሷል። ሁለቱም አብረው ከወረዱና ልጅቷም ፊቷ ከጠቆረ፣ ከተነጫነጨች፣ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ያ የልምምድ ማነስ አይደለም። ወይ ደክሟታል፣ ወይ አልበላችም፣ ወይ ታማለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ሩጫ መጨመር ማባባስ ነው።

ይህ ወደ ጾሙ ያመጣኛል። አብይ ጾም 55 ቀን ነው። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ማለትም ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ ጊዜ ይጾማሉ። የጠዋት ሩጫውን የጨመሩት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ልጆቹ ባዶ ሆድ ሮጡ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆዩ፣ ከሰዓት ደግሞ ልምምድ። የባሰባቸው ለዚህ ነው።

ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የአሰልጣኝ ስራ አይደለም። ያ የልጅቷ፣ የቤተሰቧና የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው። የእኛ ስራ ፕሮግራሙን ከእሷ ሕይወት ጋር ማስማማት ነው። የጠዋት ሩጫውን ያንሱት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ይብሉ፣ ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ ይሁን። ለሙስሊሞቹ ልጆች 11 ሰዓት ገና ጾም ነው፤ የሐሙሱን ከባድ ስራ ከአፍጥር በኋላ ቢሰሩት ጥሩ ነበር፣ መብራት ከሌለ ግን ለእነሱ አጭር አድርጉላቸው። በእነዚህ ሳምንታት የልምምዱ ርዝመት በሲሶ ይቀንስ። ፍጥነቱና የጥንካሬ ቀኑ ግን ይቆዩ። አጭርና ጠንካራ አቅምን ይጠብቃል። ረጅምና ዘገምተኛ በጾም ላይ ጡንቻን ሊበላ ይችላል።

ምግቡ ላይ የጾም ምግባችን ደካማ አይደለም። መጠኑ ነው የሚያንሰው። አንድ እንጀራ በትንሽ ሽሮ በልታ 10 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ልጅ አለች። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር በየማዕዱ ይኑር፤ ወጡ ወፈር፣ በዛ ይበል። ከልምምድ በፊት በሶ በውሃ ተበጥብጦ ቀላልና ፈጣን ነው። ከልምምድ በኋላ ቆሎ ከለውዝ ጋር ከረጢቷ ውስጥ ይኑር። ተልባና ሰሊጥ ጥሩ ቅባት ይሰጣሉ። ክለቡ አቅም ካለው በሳምንት ሁለት ቀን ከልምምድ በኋላ ለሁሉም ሽሮና ጎመን ቢያበላ፣ ከአዲስ ማሊያ የበለጠ ነጥብ ያመጣል። ይህን ለክለቡ አመራር በእኔ ስም ይንገሩልኝ።

ሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ለየት ብሎ መታየት ያለበት ደም ነው። በወር አበባ ብረት ይወጣል። ሩጫም የተወሰነ ይወስዳል። በጾም ስጋ የለም፤ የጥራጥሬ ብረት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ ነው። በላዩ ላይ ከምግብ ጋር ሻይ፣ ከምግብ በኋላ ቡና አለ። ሁለቱም ብረቱን ያግዱታል። ቡና አቁሙ አልልም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ከጎኑ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይኑር፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባዋል። ደረጃ ስትወጣ የምትቆም፣ ከንፈሯ የነጣ፣ በረዶ ወይም አፈር የሚያምራት ልጅ ካለች ጤና ጣቢያ ይላኳት። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ብቻ አይደለም፤ ከተቻለ የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን ይታይላት። ክምችቱ ሲያልቅ ሄሞግሎቢን ገና ደህና ሊመስል ይችላል። አንድ ነገር ለሐኪሙ ያስታውሱት። ነፍሰ ጡር ላልሆነች አዋቂ ሴት የደም ማነስ መለያው በዴሲ ሊትር ደም 12 ግራም ሄሞግሎቢን ነው የሚባለው ለባሕር ወለል ነው። በሱሉልታ ከፍታ በዓለም ጤና ድርጅት አሰራር ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። ስለዚህ 12.3 ይዛ «ደህና ነሽ» የተባለች ልጅ ደህና ላትሆን ትችላለች። የብረት ኪኒን ግን ሳይመረመሩ ለሁሉም አያድሉ። የማያስፈልጋትን ሆዷን ያውካታል፣ ሲበዛም ይጎዳል።

ስለ ወር አበባ ብዙ አሰልጣኞች ይጠይቁኛል። «በየትኛው ቀን ምን ላሰራ?» ይላሉ። ለ22 ልጆች በዑደታቸው ፕሮግራም ማውጣት አይቻልም፣ ማስረጃውም ያን ያህል አይደግፈውም። አንዷ የመጀመሪያ ቀን ላይ ትተኛለች፣ ሌላዋ ጎል ታገባለች። የሚያስፈልገው እያንዳንዷ ቀኗን እንድትጽፍ፣ ሕመም ሲበረታባት ደግሞ ሳትፈራ የምትናገራት ሴት በቡድኑ ውስጥ እንድትኖር ነው። ረዳት፣ ወጌሻ ወይም አምበል ትሁን። ሞዴስ በቡድኑ ሻንጣ ውስጥ ይኑር። ቁምጣው ነጭ ከሆነ ወደ ጥቁር ይቀየር። ልምምድ የምትሰሩበት ሜዳ ሽንት ቤት ከሌለው አጠገቡ ያለ አንድ ቤት ይለመን። ወር ጠብቃ ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ ካለችዎት፣ ምክንያቷ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ መቀየሪያ ቦታ ማጣት ሊሆን ይችላል።

የወር አበባዋ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቀረባት ልጅ ግን ሌላ ነገር ናት። እርግዝና ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ እየበላች ነው። ሰውነቷ ለመራባት የሚሆነውን ጉልበት ቆርጦ ለመሮጥ ይሰጣታል። ቀጥሎ አጥንቷ ይሳሳል። ሐኪም ትይ፣ ልምምዷም ይቀነስ። «ወፍረሻል፣ ቀንሺ» የሚለው ቃል በቡድናችሁ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። የ16 ዓመቷን ልጅ በዚህ ቃል ዕድሜ ልኳን መጉዳት ይቻላል።

ስለ ጉዞ አጭር ልበል። አዳማ ወይም ሀዋሳ ስትወርዱ ከሱሉልታ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ። አየሩ ይመቻቸዋል፤ ሙቀቱ ግን ይጥላቸዋል። በመጋቢት ከሰዓት ላይ አዳማ ላይ መጫወት ለሱሉልታ ልጅ ቀላል አይደለም። ቀድማችሁ ካልሄዳችሁ ማሟሟቂያውን አሳጥሩ፣ ጥላ ስር አድርጉት፣ ውሃውን ከማለዳ ጀምሩ፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ሙሉ ሜዳ አትጫኑ። ጿሚዎቹ ካሉ ይህ እጥፍ ይሆናል።

ዘንድሮ የቀረውን ጊዜ በተመለከተ፣ አቅማቸውን በሁለት ሳምንት ወደ ጥቅምቱ እመልሳለሁ ብለው አይነሱ። የጠዋት ሩጫውን ነገ ያንሱ። ማክሰኞና ሐሙስን ከሚቀጥለው ሳምንት ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ማክሰኞ ያለ ጆንያ፣ በሰውነታቸው ክብደት ብቻ ይሁን፣ አለበለዚያ እሁድ እግራቸው ታስሮ ይገባሉ። ተቀያሪዎቹን ከመጪው ግጥሚያ ጀምሮ ያስሩጡ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት 60ኛው ደቂቃ ላይ ለውጥ ማየት ይጀምራሉ ብዬ አምናለሁ።

የቴስቱን ውጤት ደግሞ በቡድኑ ፊት አያንብቡት። ለእያንዳንዷ ለብቻዋ፣ ከራሷ ያለፈ ውጤት ጋር አድርገው ያሳዩአት። 800 የሮጠችው ልጅ ባለፈው ዓመት 600 የነበረች ከሆነ፣ ከቡድናችሁ ብዙ ያሻሻለችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ክረምት ሲመጣ የላኩላትን ፕሮግራም በደስታ የምትሰራው እንዲህ የተነገራት ልጅ ናት።